በሰማይ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ በመንገድ ሁለት ቀን

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሞላሌ

ከሞላሌ ስንነሳ ብርዱ አያድርስ ነበር። የጥቅምት ንፋስ መንዝ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ ጆሮዬ በቦታው አለ ወይ እያሉ መዳሰስ ነው። ተጓዦቹ ሦስት ነን፦ አጎቴ ጋሽ ደምሴ፣ የሰፈራችን ቄስ መምሬ ክንፉ እና እኔ። የምንሄደው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ብርቱካን የምትባል የዓለም ከተማ ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ደብረ ብርሃን ሲማሩ ነው የተዋወቁት። አሁን የቀረው ሽማግሌ ልኮ ወላጆቿን መጠየቅ ነው። ሽማግሌ ሦስት ይሁን ሲባል እኔ ለቁጥር ማሟያ ገባሁ። አርባ ዓመት ሞልቶኝ አንድ ሽበት ስላላወጣሁ አጎቴ ባርኔጣ እንዳደርግና ብዙ እንዳላወራ አዘዙኝ።

ብዙ አታውራ የተባልኩበት ምክንያት አለው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከአንድ ወር በፊት የልጅቷ አባት አቶ ሽፈራው በስልክ አግኝተውኝ ነበር። ትልቋን ልጃቸውን ሩቅ አገር ድረው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ አራት ዓመት ሙሉ አላየኋትም እያሉ እንደሚያለቅሱ ነገሩኝና፣ «ይቺን ደግሞ ሩቅ አልሰጥም፤ ሞላሌ ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ። እኔም ክፍል ውስጥ የተሰቀለውን ካርታ በማስመሪያ ለካሁ፣ በስልኬም አረጋገጥኩና፣ «ሰባ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው» አልኳቸው። ሰውየው ደስ ብሏቸው ቅዳሜን ቀጠሮ ሰጡን።

ዋሸሁ አልልም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ ለሚበር። መኪና ግን አይበርም። በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል ገደል ከገደል በላይ ተደራርቧል፣ ወንዙም ብዙ ነው፤ መኪና ወደ ደቡብ ወርዶ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በሌላ መንገድ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት አለበት። ይኼ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ለአቶ ሽፈራው ግን አልነገርኩም፤ የወንድሜ ነገር አሳስቶኝ ነው።

የተሳፈርንባት ቅጥቅጥ ሞልታለች። ሰው ከበግ፣ በግ ከጆንያ ጋር ተጠጋግቶ ነው የተቀመጠው። አጎቴ በበግ ፀጉር በተሠራ ባና ተጠቅልለው መስኮት ያዙ። መንገዱ ክፍት ስለመሆኑ ሹፌሩን ሦስት ሰው ጠየቀው፤ ሹፌሩም «እስከ ትናንት ክፍት ነበር» አለ። በዚህ ዘመን ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ የድንጋይ ቤቶቹ ጭስ ከጣራቸው ላይ ሳይነሳ ተኝቷል።

ጉዞው አንድ ሰዓት እንደሆነው አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ለሰውየው ስንት ነው ያልከው?»

«ሰባ ኪሎ ሜትር ጋሼ።»

በጎልማሳነታቸው የበግ ነጋዴ ስለነበሩ መርሐቤቴን በእግራቸው ያውቁታል።

«እኔ በግ እየነዳሁ በቆላው ስሻገር ሦስት ቀን ነበር። ሰባው ለአሞራ ከሆነ ልክ ነህ» አሉና ባናቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ገባን፤ ረዳቱ ወርዶ ከፊት እየሄደ መንገድ ያሳይ ነበር። አስፋልቱን ስንይዝ መምሬ ክንፉ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሩ። መኪና ያዞራቸዋል፤ ከሞላሌ ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የመጡት።

ደብረ ብርሃን ወርደን ምሳ ፈለግን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና ጎመን አዘዝን፤ ለሦስታችን አራት መቶ ሃምሳ ብር ከፈልን። አጎቴ ዋጋውን ሰምተው የሽሮውን ድስት ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ካለ ብለው ነው። እዚያው የተቀመጠ ሰው ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ በእነዋሪ በኩል አቋራጭ እንዳለ ነገረን። መናኸሪያ ሄደን ጠየቅን፤ የዚያን ቀን ወደዚያ የሚሄድ መኪና ወጥቶ አልቋል። ስለዚህ ዞረን ለመሄድ አዲስ አበባ የሚገባውን አውቶቡስ ያዝን።

ከጫጫ አለፍ እንዳልን የስልኬን ካርታ ከፈትኩ። አስተማሪነት መጥፎ አመል ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ማለትም እኛ፣ ወደ ደቡብ ትንሸራተታለች፤ ዓለም ከተማ ሰሜን ቀርታለች። አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ስንገባ በቀጥታ የሚለካውን ርቀት አየሁት። ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ጠዋት ከነበርንበት ይበልጥ ርቀናል ማለት ነው። ለአጎቴ ልነግራቸው አስቤ የጉልበታቸውን እብጠት ሲያሹ አይቼ ተውኩት።

መናኸሪያ አጠገብ ሦስት አልጋ ያለው ክፍል በሰባት መቶ ብር ተከራየን። ቶሎ ተኛን። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወይዘሮ አስካለን አላውቃቸውም፤ ሆኖም አራት ዓመት ልጃቸውን ያላዩ እናት «ሰባ ኪሎ ሜትር» የሚለውን ቃል ምን ያህል ጊዜ ለራሳቸው ደጋግመውት ይሆን እያልኩ ስገላበጥ ነጋ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሙከጡሪ

ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ሙከጡሪ ላይ ቁርስ ተባለ። ወተት የምትሸጥ ሴት አጎቴን አይታ እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተን አባቴ?» አለቻቸው። አጎቴም ሰላም ነው ለማለት «ነጋ!» ብለው በኦሮምኛ ወሬ ቀጠሉ፤ እየሳቀች ሁለተኛውን ኩባያ ያለ ዋጋ ቀዳችላቸው። የበግ ንግድ የማያስተምረው ነገር የለም። ካርታዬ ላይ ሙከጡሪ አንዲት ነጥብ ናት፤ ለእሳቸው ግን እንግዳ የሚቀበል ሰው ያለበት አገር ነው።

ከዚያ ወደ ለሚ ታጠፍን። ጥቁር አፈሩ ላይ ጤፉ እንደ ጥጥ ለስልሶ ተኝቷል። አራት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። አቶ ሽፈራው ናቸው።

«መምህር፣ የት ደረሳችሁ? ጎረቤት ተሰብስቧል፤ በጉም ታርዷል።»

«ለሚን ልናልፍ ነው» አልኩ።

ለሚ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። «እናንተ ከሞላሌ አይደለም እንዴ የምትመጡት?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ኔትወርኩ ጠፋ። እውነት ለመናገር ኔትወርኩን አመሰገንኩት።

መምሬ ክንፉ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አሉ?» አሉኝ። ስነግራቸው፣ «እንግዲህ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ የሚናገረው እውነት ነው፤ ሌላ ምን ይዘን እንሄዳለን?» አሉና እንደገና ጨፈኑ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጀማ

የጀማ ገደል አፋፍ ላይ ደረስን። ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ታች ይሄዳል፤ ወንዙ ከሥር እንደ ክር ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ አንዱ ጎፈሩን አንጨባርሮ በኩራት አየን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹፌሩ ቀስ አለ፤ ፍሬኑ ግን ግማሽ መንገድ ላይ መሽተት ጀመረ። አቆመና ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈ። ወርደን ጠበቅን። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንዱ ጎማ ተንፍሷል። ሁለቱ ነገሮች ተደምረው ሦስት ሰዓት ወሰዱብን።

ጠዋት የሚያንቀጠቅጠው ብርድ እዚህ የለም። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይጋረፋል። ሰዉ ሁሉ ልብሱን ሲያወልቅ አጎቴ ባናቸውን አልጣሉም። «ሽማግሌ ተሸክሞት የሄደውን ልብስ መንገድ ላይ አያወልቅም» አሉ። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ዛሬም እጠራጠራለሁ። ግራር ሥር ተቀምጠን በእጃቸው ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አሳዩኝ።

«እዚያ ላይ ነበር የምንሻገረው። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ወንዙ ስድስት በግና አንድ ጓደኛዬን ወሰደብኝ።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም። አብሬያቸው ወደ ወንዙ አየሁ።

«እና ጋሼ፣ አቶ ሽፈራውን ምን እንበላቸው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የለካኸው አንተ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዓለም ከተማ

ከተማዋ ስንደርስ ገበያው ተበትኖ አህዮች ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። የአቶ ሽፈራውን ግቢ ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ደጁ ላይ የተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ እንግዳ ጠብቆ የሄደ ሕዝብ እንዳለ ያስታውቃሉ። አቶ ሽፈራው ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ብቻ አብረዋቸው ቀርተዋል።

ገብተን ቆምን። እንደ ወጉ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቁጭ በሉ» አሉ አቶ ሽፈራው።

«የመጣንበት ጉዳይ ይሰማልንና እንቀመጣለን» አሉ አጎቴ። ጉልበታቸው አብጦ ሱሪያቸውን ወጥሮታል። «ልጅዎን ብርቱካንን ለልጃችን ለጌትነት ለትዳር ፈልገን ነው ከመንዝ የመጣን።»

አቶ ሽፈራው እኔን አዩኝ።

«መምህር፣ ከማለዳ ጀምሮ ስንጠብቃችሁ ዋልን። ሰባ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ይፈጃል?»

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «ጋሽ ሽፈራው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰባ ያልኩዎት በካርታ ላይ በቀጥታ ለክቼ ነው። መንገዱን እያወቅኩ አልነገርኩዎትም። የተነሳነው ትናንት ማለዳ ነው። አዲስ አበባ አደርን። ከሞላሌ እዚህ ሁለት ቀን ነው።»

ከጓዳ አንድ ዕቃ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ ወይዘሮ አስካለ ወጡ። በሽምግልና ወግ የልጅ እናት መካከል ገብታ አትናገርም፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ሁለት ቀን ነው ያሉት እርስዎ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልጄ ብትታመም ወሬው የሚደርሰኝ በስልክ፣ እኔ የምደርሰው በሁለተኛው ቀን ነው?»

«አዎ።»

«ብትወልድስ?»

ወለሉን አየሁ። ትልቋን ልጃቸውን እያሰቡ እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንድሜ ሞላሌ ላይ ስልኩን ይዞ እንደተቀመጠ፣ ብርቱካን ደግሞ እዚሁ ጓዳ ውስጥ እንደምትሰማ አሰብኩ። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እንደ ደንቡ ይሁን። ቤተ ዘመድ ይምከርበት፣ ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣቸውና ተመልሰው ይምጡ።»

ደንቡ ትክክል ነው። በእኛም አገር በመጀመሪያው ቀን ልጅ አይሰጥም፤ ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ቤተሰቡም ይከበራል። አጎቴም ሕጉን ስለሚያውቁ «ቀጠሮውን እናከብራለን» ብለው ዱላቸውን ተደገፉ። ሁለት ቀን ተመልሰው፣ ሁለት ቀን እንደገና መጥተው፣ ሁለት ቀን ሊመለሱ ነው። ወይዘሮ አስካለ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ባሏን የምታዝ ሴት ድምፅ ምን እንደሚመስል ሰማሁ።

«ሽፈራው፣ እኚህን ሰው በዚህ እግራቸው ስድስት ቀን ልታመላልሳቸው ነው? የምትመክር ከሆነ አሁን ምከር።»

ሳቅ የመጣባቸውም ነበሩ፤ ማንም ግን አልሳቀም። አቶ ሽፈራውና ሁለቱ ጎረቤቶች ወደ ጓሮ ወጡ። እኛ ቆመን ጠበቅን። መምሬ ክንፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የግማሽ ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ለእኔ ከጀማ ቁልቁለት ይረዝም ነበር። ሲመለሱ አቶ ሽፈራው ከሚስታቸው አጠገብ ቆሙ።

«ልጅቷም ፈቅዳለች፤ እኛም እንቢ አንልም፤ ሰርጉ ለጥር ይሁን። ግን ውል አለን። በየዓመቱ ለፋሲካ ልጃችን እናቷ ቤት ትመጣለች። መንገድ ረዘመ፣ ፈቃድ አጣሁ፣ ልጅ ታመመ አይባልም። ለዚህ ዋስ ጥሩ።»

አጎቴ «ዋሱ እኔ…» ብለው ሲጀምሩ ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አነሱ።

«እርስዎ ይረፉ አባቴ። ዋሱ ሰባ ኪሎ ሜትር ያለው ሰው ይሁን። ራሱ ያምጣት፣ ራሱ ይመልሳት።»

አሁን ቤቱ ሳቀ። አጎቴም ሳቁ፤ መምሬ ክንፉ ዓይናቸውን ገልጠው ሳቁ። ከጓዳ ቀጭን የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ብርቱካን መሆን አለባት። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ በሽማግሌዎቹ ፊት ዋስ ገባሁ። በየዓመቱ ሁለት ቀን መምጫ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፤ እኔው በለካሁት የካርታ መስመር ሳይሆን በዚሁ በመጣሁበት መንገድ። ከዚያ ተቀመጥን፤ ለምሳ የታረደው በግ ለእራት ቀረበ። አጎቴ ባናቸውን አውልቀው ለወይዘሮ አስካለ አለበሷቸው። «ልጅሽን የሚያለብሷት እንደዚህ ያለ ነው፤ ብርዱን አትስጊ» አሏቸው። ሴትየዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆዩ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

በማግስቱ ከቅዳሴ በፊት ወይዘሮ አስካለ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወሰዱኝ። ባናውን አልጣሉትም፤ መርሐቤቴ ላይ ይሞቃል፣ ይሁን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከገደሉ ማዶ፣ ከሌላው ገደል ማዶ፣ ሰማያዊ ሆኖ የተኛ አምባ አሳዩኝ።

«ያ መንዝ ነው ይሉኛል። እውነት ነው ልጄ?» ማታ እርስዎ ሲሉኝ የነበሩት ሴት አሁን ልጄ አሉኝ።

«እውነት ነው እትዬ።»

«ሳየው ቅርብ ነው። አንተ ያልከውን ሰምቼ በየማታው እየወጣሁ አየው ነበር። እዚያ ድረስማ ብጣራ ልጄ ትሰማኛለች እል ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አጭር ይቅርታ ነበር፤ ረጅሙን መናገር አልቻልኩም። «ማታ ተናገርከው እኮ፤ ባትናገረው ነበር የሚከፋው» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ማክሰኞ፣ ሞላሌ

ሰኞ ተነስተን በመጣንበት ተመለስን፤ ፍሬኑ አልሸተተም፣ ጎማውም አልተነፈሰም። አጎቴ ያለ ባና ጣርማበር ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ጃኬቴን ሰጠኋቸው፤ እኔ ተራዬን ተንቀጠቀጥኩ። ጌትነት መናኸሪያ ላይ ጠብቆ ሲያቅፈኝ አጎቴ «ዋስህን አመስግን፤ ዕድሜ ልኩን መንገደኛ አድርገኸዋል» አሉት።

በነጋታው ክፍል ገብቼ ከካርታው አጠገብ ቆምኩ። ዘንድሮም ርቀት መለካት አስተምራለሁ፤ ማስመሪያውን አልጣልኩትም። አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። ተማሪዎቼ ሁለት ከተማ ለክተው ቁጥሩን ሲነግሩኝ፣ «እዚያ የምትወደው ሰው ቢታመም በስንተኛው ቀን ትደርሳለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካርታው መልሱን አይነግራቸውም፤ ሄደው ሹፌርና ነጋዴ ይጠይቃሉ። እኔ አርባ ዓመት ሞልቶኝ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው። በሰላም መግባታችንን፣ የአጎቴን ጉልበት፣ የጌትነትን ደኅንነት ጠየቁ።

«ዛሬ ጠርቷል፤ ጋራችሁ ይታየኛል» አሉ።

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ ወደ ምዕራብ አየሁ። ፀሐይ እየገባች ነው፤ መርሐቤቴ ከጭጋጉ ሥር የት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። «እኔም ወደዚያ እያየሁ ነው እትዬ» አልኩ።

«እይ ልጄ። እኔም እስከዚያው አያለሁ» አሉኝ። «ፋሲካ ሲደርስ ግን ጋራውን አላይም። የማየው መንገዱን ነው።»